«ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ» የሚባል ምንጭ የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጦርነት በተነሣ ቁጥር በጋዜጦቻችን ፎቶዎች ሥር አንዲት መስመር ትበዛለች፤ «ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ» የምትለዋ። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ስለዚህች መስመር ነው። ፌስቡክ ካሜራ ይዞ ግንባር አይወርድም፤ ቴሌግራምም እንደዚያው። ምስሉን በስልኩ ያነሣ ሰው አለ፤ የቆመበት ቦታ አለ፤ ቀንና ሰዓት አለ። እነዚህን ሳያጣራ ምስሉን ያተመ ጋዜጣ ዕቃውን የገዛበትን ገበያ ነገረን እንጂ ማን እንደሠራው አልነገረንም። ሥራችን የጦርነት ምስሎችን ማጣራት ነውና፣ ማጣራቱ በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ኮምፒዩተር የሚሠራ መሆኑን፣ የት ላይ እንደሚሰናከልም ጭምር፣ ለባልደረቦቻችሁ ለማሳየት እንሞክራለን።

ስለ ጦርነት ሐሰተኛ መረጃ ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚታየው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከ ምስል ነው። እሱም አለ። በብዛት የሚያሳስተው ግን ራሱ እውነተኛ የሆነ፣ ቀኑና ቦታው ብቻ የተቀየረበት ምስል ነው። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022፣ ሰማዩን ያቀላው ግዙፍ ፍንዳታ የዩክሬን ነው ተብሎ ተሰራጨ። ፍንዳታው በቻይናዋ ቲያንጂን ወደብ ኦገስት 12 ቀን 2015 የደረሰው ነበር። የሩሲያ ወታደር ፊት ቆማ የምትጮኽ ዩክሬናዊት የተባለችው ብላቴና ደግሞ ፍልስጤማዊቷ አሕድ ታሚሚ ነበረች፤ ቪዲዮው የ2012፣ ወታደሩም እስራኤላዊ። በኦክቶበር 2023 «ጋዛ እየነደደች ነው» የተባለለት ቀይ ሰማይ የአልጀርስ እግር ኳስ ደጋፊዎች ርችት ነበር። ሦስቱም ላይ አንድም የተነካካ ነገር የለም። የተዋሸው መግለጫ ጽሑፉ ላይ ነው፤ እሱን መጻፍ ደግሞ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሳንቲምም አያስወጣ። ይህ ዓይነት ውሸት የሚበዛው በርካሽነቱ ነው።

ማጣራቱ የሚጀምረው ምስሉ ከመከፈቱ በፊት ነው። በዋትስአፕ ከደረሰ ከላዩ ያለችውን ቀስት እዩ። ቀስቷ ነጠላ ከሆነች አንድ ሰው ከሌላ ሰው ተቀብሎ ልኮታል ማለት ነው። ድርብ ከሆነች መልእክቱ ቢያንስ አምስት እጅ አልፏል፤ ስለዚህ የላከላችሁ ሰው «ከቦታው ነው» ቢልም የዓይን እማኝ አይደለም። ቀጥሎ የፋይሉ ስም አለ። ዋትስአፕ ለሚያስቀምጠው ፎቶ በስሙ ውስጥ ስምንት አኃዝ ያለው ቀን ይሰጣል፤ ብዙ ሪፖርተር ይህን የተነሣበት ቀን አድርጎ ይጽፈዋል። ቀኑ ግን ፋይሉ ያ ስልክ ላይ የደረሰበት ነው። በፎቶ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጠውን የካሜራ፣ የሰዓትና የቦታ መረጃም ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ያጠፉታል። መረጃው እንዲተርፍ ላኪው በፎቶ መልክ ሳይሆን በ«ዶክመንት» ወይም በ«ፋይል» መልክ እንዲልከው መጠየቅ ያስፈልጋል። እውነተኛ አንሺ ይህን ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ይልካል። የተቀባበለው ሰው ግን ኦሪጅናሉ የለውም፤ ብዙ ጊዜ መልስም አይሰጥም። ይህች አንዲት ጥያቄ ግማሹን ሥራ ትሠራለች።

ከዚያ ፍለጋ ነው። ምስሉን በጉግል ሌንስ ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት የተለመደ ስንፍና ነው። ያንዴክስ የተባለው መፈለጊያ ፊትንና መልክዓ ምድርን በመለየት ይሻላል፤ ቲንአይ የተባለው ደግሞ ውጤቱን ከጥንታዊው ጀምሮ መደርደር ይችላል፣ የምንፈልገውም እሱን ነው። ቪዲዮ ከሆነ ቪዲዮው ራሱ አይፈለግም፤ ከውስጡ አምስት ስድስት ፍሬም (ቋሚ ምስል) ይቆረጣል። የሚመረጠው ፍሬም ሰው የተጨናነቀበት ሳይሆን ሰፊ እይታ ያለው፣ ሕንፃ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም የተራራ ጠርዝ የሚታይበት ነው። ጽሑፍ ከላዩ የተለጠፈበት ከሆነ ጽሑፉ ተቆርጦ ይወጣል፤ አለዚያ ፍለጋው ጽሑፉን ይዞ ይጠፋል። ምንም ካልተገኘ ምስሉን ግራና ቀኙን አገላብጡና እንደገና ፈልጉ። አሮጌ ቪዲዮ የሚያድሱ ሰዎች ከፍለጋ ለማምለጥ እንደ መስታወት ይገለብጡታል። ይህን የሚያጋልጥ ምልክት አለ፦ የክላሽ ማቀባበያ ያለው በቀኝ በኩል ነው፤ ቀልሃውም ወደ ቀኝ ነው የሚፈናጠረው። በቪዲዮው ላይ ሁሉም ታጣቂ ማቀባበያው በግራው ከሆነ ወታደሮቹ ግራኝ ስለሆኑ አይደለም። መሪው በቀኝ የሆነ መኪና፣ የተገለበጠ የሱቅ ስምም እንደዚያው። በነገራችን ላይ፣ የመሪ ጎን ለአገር መለያም ይጠቅማል፤ እኛ፣ ሱዳን፣ ኤርትራና ጅቡቲ በመንገዱ ቀኝ እንነዳለን፣ መሪያችንም በግራ ነው፤ ኬንያና ኡጋንዳ ተቃራኒው።

የቪዲዮ ጌም ነገር ራሱን የቻለ ጉድ ነው። «የኪየቭ መንፈስ» የተባለው፣ ብቻውን ስድስት የሩሲያ ጄት መታ የተባለለት አብራሪ ቪዲዮ ከበረራ ጌም የተቀዳ ነበር፤ የዩክሬን አየር ኃይልም በኤፕሪል 2022 መጨረሻ ስሙ የአንድ ሰው ሳይሆን የአፈ ታሪክ መሆኑን አመነ። «አርማ 3» የተባለው ጌም ደግሞ ለዩክሬንም፣ ለጋዛም፣ ለሌላውም ግንባር ሆኖ ስላገለገለ የቼክ አገሩ ሠሪ ኩባንያ በኖቬምበር 2022 ሰው እንዴት ሊለየው እንደሚችል መግለጫ እስከ ማውጣት ደርሷል። ምልክቶቹን ማስታወስ ቀላል ነው፦ ጥራቱ ሆን ተብሎ የወረደ፣ ካሜራው የሚንቀጠቀጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ ድምፅ የሌለው ወይም ጩኸት የተጨመረበት፣ ሰው ግን የማይሮጥበት። ጌም የሰውን አካል እንቅስቃሴ አስመስሎ መሥራት ስለሚቸግረው አጭበርባሪው ሰው የማይታይበትን ቅንጭብ ይመርጣል።

ድምፅ ራሱ ሚዛን ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአድማስ ላይ ብልጭታ ታይቶ ጉርምርምታው ከሦስት ሰከንድ በኋላ ከተሰማ ቦታው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ብልጭታውና ድምፁ እኩል ከወጡ፣ እሳቱ ግን ከኮረብታ ባሻገር ከሆነ፣ ድምፁ ቤት ውስጥ የተለጠፈ ነው። ይህን ለማወቅ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ የግድግዳ ሰዓት ይበቃል።

ጥላም እንዲሁ። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በጥቂት ዲግሪ ወደ ሰሜን ያለች አገር ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለቴ አናታችን ላይ ታልፋለች፤ ብዙ የውጭ ተንታኝ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ የቀኑ እኩሌታ ትክክለኛ ሰዓት 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። በዚያን ሰዓት በሰኔ አጋማሽ የ10 ሜትር ምሰሶ ጥላ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በታኅሣሥ አጋማሽ ያው ምሰሶ ስድስት ሜትር ከሠላሳ ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ኪየቭ ላይ ግን የእኩለ ቀን ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው፤ በዲሴምበር መጨረሻ የ10 ሜትር ምሰሶ 34 ሜትር ያህል ጥላ ይኖረዋል። ስለዚህ «ዛሬ፣ በክረምት፣ እዚህ ከተማ» የተባለ ቪዲዮ ላይ ጥላው ወዴት እንደሚያጋድል ማየት ብቻ አንዳንዴ ነገሩን ይጨርሳል። ሰንካልክ የተባለው ድረ ገጽ ቦታና ቀን ሲሰጡት የጥላውን አቅጣጫና ርዝመት ያወጣል፤ በነጻ ነው።

እስካሁን ያልነው ሐሰቱን ለማውጣት ነው። ተቃራኒው ይበልጥ ያሳስበናል፤ እውነተኛውን ምስል «ፌክ ነው» ብሎ መግፋት። ዝርዝሩ የታወቀ ስለሆነ የካሜሩንን እንውሰድ። በጁላይ 2018 ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን አቧራማ መንገድ ላይ ወስደው ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ሚኒስትር ሐሰተኛ ነው አሉ። ልብሱ ሠራዊቱ በዚያ አካባቢ የሚለብሰው አይደለም፤ መሣሪያውም የእኛ አይደለም፤ ጥይት መከላከያና ሄልሜት የለም የሚል ክርክር ቀረበ። የቢቢሲ አፍሪካ አይ የምርመራ ቡድን ግን የጀመረው ከወታደሮቹ ሳይሆን ከጀርባቸው ካለው ተራራ ነው። በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ የሚታየውን የተራራ ጠርዝ ከሳተላይት መልክዓ ምድር ጋር አስተያይተው ቦታው በሰሜን ካሜሩን፣ ናይጄሪያ ድንበር አጠገብ ያለችው ዘለቬት መንደር መሆኗን ለዩ።

ቀኑን ለማግኘት የሄዱበት መንገድ ደግሞ ለማንኛውም የዜና ክፍል ትምህርት ነው። በቪዲዮው የሚታዩት ቤቶችና አጥሮች መቼ እንደተሠሩ፣ መቼ እንደፈረሱ በተለያየ ጊዜ ከተነሡ የሳተላይት ምስሎች ላይ ተነጻጽሮ ዘመኑ ጠበበ። ሰዎቹ የተወሰዱበት የእግር መንገድ የሚታየው ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ባለው በጋ ብቻ ነው፤ በሌላው ወራት ሣር ይሸፍነዋል። በመጨረሻ የወታደሮቹ ጥላ እንደ ጥንቱ የፀሐይ ሰዓት ተለክቶ ከማርች 20 እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2015 ባሉት ቀናት ውስጥ መሆኑ ተወሰነ። መሣሪያው ሰርቢያ ሠራሽ መሆኑና የካሜሩን ጦር ክፍሎች የሚይዙት መሆኑ ታወቀ፤ ያው ልብስ በወታደሮች የፌስቡክ ፎቶ ላይ ተገኘ። ሄልሜት ያልነበረው ምሽጉ ከግድያው ቦታ ብዙ ስለማይርቅ ነበር። መንግሥት ራሱ በኦገስት ሰባት ወታደሮች መያዛቸውን ገለጸ፤ በሴፕቴምበር 2020 ወታደራዊ ፍርድ ቤት አራቱን በ10 ዓመት፣ አንዱን በ2 ዓመት እስራት ቀጣ። «ፌክ ነው» የሚለው ቃል ለአንድ ወር ያህል እንደ መልስ ሆኖ አገልግሎ ነበር። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2021 በትግራይ ካለችው ማኅበረ ዴጎ አካባቢ የወጡት የግድያ ቪዲዮዎች ቦታቸው የተለየው በዚሁ ዘዴ፣ በገደሉ ጠርዝና ከባሻገሩ በሚታየው መልክዓ ምድር ነው። በዚያን ሰሞን ግን ብዙ ሰው እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለውን የወሰነው ቪዲዮው ማንን እንደሚጎዳ አይቶ ነበር።

አሁን የራሳችን ወደሆነው ችግር እንምጣ፤ የትም አገር መመሪያ ላይ ስለማይገኝ ትንሽ እንቆይበታለን። እኛ ሁለት ዘመን አቆጣጠር፣ ሁለት የሰዓት አቆጣጠርና ቀንን የመጀመር ልዩ ልማድ አለን። የሰሜኑ ጦርነት የተጀመረበትን ሌሊት የአማርኛ ጽሑፍ ሁሉ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ይለዋል። የውጭ ሰነዶች ኖቬምበር 4 ቀን 2020 ይላሉ። በአቆጣጠር ሰንጠረዥ ኖቬምበር 4 ጥቅምት 25 ነው። ታዲያ ማን ተሳሳተ? ማንም። በአማርኛ የማክሰኞ ሌሊት እስኪነጋ ድረስ የማክሰኞ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቀኑ ይዞራል። ይህን የማያውቅ ተርጓሚ ሁለቱን ሰነድ አጋጭቶ «ቀኑን አዛብተዋል» የሚል ክስ ሲጽፍ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከእንግሊዝኛ ዜና «3 a.m.» የሚለውን «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ የተረጎመም እንዲሁ ስድስት ሰዓት ያጠፋል፤ በምንጩ ላይ የተጻፈው ጨለማ ሲሆን በአማርኛው ፀሐይ ወጥቷል። ቪዲዮው ላይ ጨለማ ሲያይ አንባቢ «ውሸታሞች» ይላል። የዘመን ልዩነቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መሆኑ ይረሳል፤ በአንድ ዓመት የተሳሳተ ቀን ይዞ የተለጠፈ እውነተኛ ፎቶ ከዚያ በኋላ ሐሰተኛ ተብሎ ይቀራል።

ከውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጋር ሲሆን ይብሳል። ዋሽንግተን ያለ ሰው ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ፌስቡክና ቴሌግራም የፖስቱን ሰዓት የሚያሳዩት በተመልካቹ ስልክ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት የተለጠፈ ቪዲዮ ዋሽንግተን ላይ ማክሰኞ ማታ ተብሎ ይታያል። ሰውየው ያንን ስክሪንሾት አንሥቶ መልሶ ሲልክልን ቪዲዮው ከድርጊቱ በፊት የወጣ ይመስላል፤ «አስቀድሞ የተዘጋጀ ድራማ ነው» የሚለው ወሬ ከዚያ ይወለዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በስክሪንሾት አትመኑ፣ ዋናውን ሊንክ ራሳችሁ ክፈቱ፣ ሰዓቱን በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት መዝግቡ፣ ከጎኑም በሁለቱም አቆጣጠር ቀኑን ጻፉ።

የቦታ ስምም ያሳስታል። ኮምቦልቻ ወሎ አለ፣ ሐረርጌም አለ። ወረዳው «ተያዘ» ሲባል ከተማው ነው፣ መንገዱ ነው ወይስ አንድ ቀበሌ? መግለጫ ላይ የሚወጣው ቃል ራሱ መመርመር አለበት። «ሙት፣ ቁስለኛና ምርኮኛ ተደርጓል» የሚለው የለመድነው ሐረግ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቁጥር ይጠቀልላል፤ ሦስቱን ለይቶ የማይነግር ባለሥልጣን ቁጥር አልሰጠም ማለት ነው። «ተደመሰሰ» ደግሞ ቁጥር እንኳ የለውም። ጋዜጣ እነዚህን ቃላት በጥቅስ ምልክት ውስጥ፣ ከተናጋሪው ስም ጋር ካልሆነ በራሱ አንደበት ሊናገራቸው አይገባም።

ከመንግሥት የመጣ ሁሉ የተጣራ ነው የሚለው እምነትም ዋጋ ያስከፍላል። ጦርነቱ በተጀመረበት ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 የዩክሬን ፕሬዚዳንት በእባብ ደሴት የነበሩት 13 የድንበር ጠባቂዎች ሞተዋል፣ ይሸለማሉ አሉ። ከቀናት በኋላ የአገሪቱ ባሕር ኃይል በሕይወት እንዳሉና እንደተማረኩ ገለጸ። ውሸት ነው ለማለት አይደለም፤ ግንኙነት የተቋረጠበት መንግሥትም አያውቅም። የስልክና የኢንተርኔት መቋረጥ በእኛም አገር በ2013 ዓ.ም.ም በ2015 ዓ.ም.ም የታየ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «ዛሬ ጠዋት ከግንባር» የተባለ ቪዲዮ ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «በምን ወጣ?» ነው። ዳታ ከሌለበት ወረዳ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት ውስጥ አይደርስም፤ በሚሞሪ ካርድ ተይዞ፣ መንገድ ተጉዞ፣ ኔትወርክ ካለበት ከተማ ነው የሚላከው። ያ ደግሞ ቀናት ይፈጃል።

ስለ አካውንትና ስለ ድምፅ በአጭሩ። በኤፕሪል 2023 ትዊተር የድሮውን የማረጋገጫ ሰማያዊ ምልክት አንሥቶ ምልክቱን ለሚከፍሉ ባስቀረ ማግሥት፣ የሱዳኑን ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ስም የያዘና ምልክቱ ያለው ሐሰተኛ አካውንት የኃይሉ መሪ ሔሜቲ ሞተ አለ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ታየ። ምልክት ሳይሆን አካውንቱ መቼ እንደተከፈተ፣ ከዚህ በፊት ምን ሲለጥፍ እንደነበር ይታይ። በዚያው ዓመት የዑመር አልበሽር ነው ተብሎ በቲክቶክ የወጣው ድምፅ በማሽን ተመስሎ የተሠራ ነበር፤ የተያዘውም ቃላቱ ከቀናት በፊት ሌላ ሱዳናዊ ተንታኝ በፌስቡክ ላይቭ ከተናገራቸው ጋር አንድ ሆነው በመገኘታቸው ነው። «ይህ በማሽን የተሠራ ነው ወይስ አይደለም» የሚሉ መለያ ፕሮግራሞች በዋትስአፕ ተጨምቆ የመጣ ፋይል ላይ አይታመኑም። ይልቅ ሁለተኛ ካሜራ ፈልጉ። በሜይ 22 ቀን 2023 ፔንታጎን አጠገብ ፍንዳታ የሚል ምስል ወጥቶ የአሜሪካን የአክሲዮን ገበያ ለጥቂት ደቂቃ አንቀጠቀጠ፤ ሰውና መኪና በሚርመሰመስበት ቦታ አንድ ፎቶ ብቻ መኖሩ ብቻውን በቂ ጥርጣሬ ነበር።

መሣሪያ የማይደርስበትም አለ። በኦክቶበር 10 ቀን 1990 ናይራ የተባለች የ15 ዓመት ኩዌታዊት በአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ፊት የኢራቅ ወታደሮች ሕፃናትን ከማሞቂያ ሳጥን አውጥተው ወለል ላይ ጣሉ አለች። ቪዲዮው እውነተኛ፣ ቀኑ ትክክል፣ ቦታው ዋሽንግተን። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሳይቀር ከ300 በላይ ሕፃናት ሞቱ የሚለውን ተቀብሎ በኋላ አንሥቶታል። በጃንዋሪ 1992 ልጅቷ የኩዌት አምባሳደር ልጅ መሆኗ፣ ምስክርነቱም በአንድ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ዘመቻ ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ወጣ። ያኔ የቀረው ጥያቄ «ይህች ልጅ ማን ናት? የት ቆማ አየች?» የሚለው ነበር። የቤተሰብ ስሟ ለደኅንነቷ ሲባል መደበቁ ጥያቄውን ዘጋው። ስም መደበቅ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ግን አዘጋጁ ራሱ ማንነቱን ማወቅ አለበት።

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሐሰተኛ መረጃ ላይ እስራት ወይም መቀጮ ማስቀመጡን ሁሉም ያውቃል፤ በጋዜጣ ወይም ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነም ቅጣቱ ይከብዳል። ብዙ የዜና ክፍል የማያስተውለው ግን አዋጁ እውነትነቱን ለማረጋገጥ ተገቢውን ጥረት ያደረገን ሰው የሚለይ መሆኑን ነው። ጥረቱ ግን በቃል «ደውለን ነበር» ተብሎ አይረጋገጥም። ለእያንዳንዱ ከውጭ ለመጣ ምስል አንድ ገጽ ይያዝ፦ ከማን መጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ዋናው ሊንክ፣ በየትኞቹ መፈለጊያዎች ተፈለገ፣ ጥንታዊው ውጤት የቱ ነው፣ ቦታው በምን ተለየ፣ ማን ፈረመ። ፖስቱ ሊጠፋ ስለሚችል በዌይባክ ማሽን (የድረ ገጾች ማኅደር) ተቀምጦ ሊንኩ ይያያዝ። ተራ ፍለጋው ሩብ ሰዓት ነው፤ ቦታ መለየቱ ቀናት ሊወስድ ይችላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የጋዜጣ ገጽ ግን ማታ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ ያልተጠናቀቀ ማጣራት ያለበት ምስል ለነገ ይደር፤ ጽሑፉ ያለ ፎቶ ይውጣ።

ሐሰተኛ ምስልን ለማጋለጥ ስታትሙም ቀይ ማኅተሙ ማዕዘን ላይ ሳይሆን መሐል ላይ፣ ፊቱንና ሕንፃውን አቋርጦ ይሁን፤ ማዕዘን ላይ ያለ ማኅተም ተቆርጦ በማግሥቱ እንደ አዲስ ይዞራል። ስትሳሳቱ ደግሞ ፖስቱን በዝምታ አትደምስሱ፤ ስክሪንሾቱ ወጥቶላችኋል። እርማቱ ፎቶው በወጣበት ገጽ ይውጣ።

በፎቶው ሥር የምትጻፈው መስመርም ልታጥር ትችላለች፤ ለምሳሌ «ከቴሌግራም የተገኘ፤ ቦታው ከሳተላይት ምስል ጋር ተመሳክሮ ተረጋግጧል፤ የተነሣበት ቀን አልተረጋገጠም»። አንድ ነገር ግን ከመስመሯም ከጽሑፉም ይቅር፤ አንሺው የቆመበት ነጥብ። ቦታ ስንለይ ቪዲዮው ከየትኛው ቤት፣ ከስንተኛው ፎቅ፣ ከየትኛው መስኮት እንደተነሣ አብሮ ይታወቃል። ይህን በቀስት እያመለከተ የሚያትም ጋዜጣ የአንሺውን አድራሻ ለታጣቂ ሰጠ ማለት ነው። ሰውየው ምናልባት አሁንም እዚያው ቤት ነው የሚያድረው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢዎች፣ አዲስ አበባ